ስስ ክራከር ለአይብና ለዲፕ፦ ማታ ኩርሽም ይላል፣ ጠዋት ይለሰልሳል

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። የሚቀጥለው ዓርብ ማታ ጓደኞቿንና አስተማሪዎቿን ቤት ልንጠራ ነው። ወደ 20 ሰው ይሆናል። እራቱ አላሳሰበኝም፣ እናቴ ይዛዋለች። የእኔ ድርሻ ከእራቱ በፊት የሚቀርበው ነው። ትልቅ የእንጨት ትሪ ላይ ፕሮቮሎኔ፣ ጎውዳና የቤት አይብ፣ ከጎን ደግሞ አቮካዶና አዚፋ አድርጌ፣ በስስ ጨዋማ ክራከር እንዲበሉት አስቤያለሁ። የታሸገ ክራከር ሱፐርማርኬት አለ። ለ20 ሰው ሲባዛ ግን ዋጋው አይቀመስም። ደግሞ ያየሁት ሁሉ ጣፈጥ ይላል፤ ከአይብ ጋር አይሄድልኝም።

ስለዚህ ራሴ መጋገር ጀምሬያለሁ። ፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ዘይት፣ ውኃ፤ ሌላ ነገር የለውም። ጣዕሙን ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር ግን መላ አጣሁለት። አንደኛ፣ ኦቭን ውስጥ አንዳንዱ ይነፋና ውስጡ ባዶ ይሆናል። አይብ ሲቀመጥበት ይሰባበራል። ሁለተኛ፣ ማታ ሲወጣ ኩርሽም ይላል፣ ጠዋት ስነሳ መሃሉ ለስልሶ ቂጣ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዝናቡ ይሁን የሐይቁ እርጥበት አልለየሁትም። ዓርብ ከሥራ የምወጣው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ጋግሬ ማሳደር አለብኝ።

ቀኑ ዓርብ መሆኑንም እዩልኝ። ከእንግዶቹ ግማሹ ይጾማል፣ ግማሹ አይጾምም። ክራከሩን ቅቤም ወተትም እንቁላልም ባይነካው ነው የምፈልገው። ሁሉም ከአንድ ሳህን እንዲያነሳ። ልምዱ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።


ከታቦር ሥር (ሀዋሳ)

የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እህትሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃት።

እኔ ዳቦ ቆሎና ክራከር ቤቴ እየጋገርኩ ለካፌዎች አስረክባለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁበት ሥራ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትሰልቺ።

መጀመሪያ ጥፋቱን ከሐይቁ ላይ እናንሳ። ክረምት ላይ የሀዋሳ አየር እርጥብ ነው፣ አይካድም። ክራከር ክፍት ካደረም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከአየር የመጣ እርጥበት ግን ከጠርዝና ከላይ ነው የሚጀምረው። ያንቺ መሃሉ ነው የለሰለሰው። መሃሉ ከለሰለሰ ውኃው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ከኦቭን ስታወጪው ጠርዙ ደርቋል፣ መሃሉ ገና ነው። ጠርዙን ቀምሰሽ ደረሰ ትያለሽ። ሌሊቱን ያ የቀረው ውኃ ወደ ዳር ይሰራጫል፣ ጠርዙንም ይዞት ይለሰልሳል።

ክራከር እሳት የሚያየው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ለመብሰል፣ አንዴ ለመድረቅ። ዳቦ ቆሎም ቢሆን ያው ነው፤ ወር የሚቀመጠው በቀስታ እስከ ውስጡ ስለሚደርቅ ነው። አንቺ ያበሰልሽውን አላደረቅሽውም፤ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

አሠራሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ውኃው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከግማሽ ትንሽ ጎደል ይበል፣ ወደ 230 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በጣቶችሽ እያሸሽ አዋህጂው። ዘይቱ የዱቄቱን ቅንጣት ሲሸፍነው ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ አይለጠጥም፤ ሲበላም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዘይቱን ግን አታብዢው። ዘይት የበዛበት ክራከር አፍ ላይ ይጥማል፣ አቮካዶ ውስጥ ሲገባ ይፈረፈራል። ውኃውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ሊጡ ጠንከር ማለት አለበት። እጅ ላይ ከተጣበቀ ውኃው በዝቷል፣ የበዛውን ውኃ ደግሞ ኋላ በእሳት ማስወጣት ያንቺ ዕዳ ነው።

ሸፍነሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ይህን የዘለለ ሰው ነው «ብዳምጠው ብዳምጠው ተመልሶ ይሰበሰባል» ብሎ የሚያማርረው። ግሉተን የሚባለው፣ የስንዴውን ሊጥ የሚያያይዘው ነገር፣ ካላረፈ ይሳሳባል።

ከዚያ እንቁላል የሚያህል እየቆረስሽ ዳምጪ፤ የቀረውን ሸፍኚው። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን፣ ከሳንቲም እንዳይበልጥ። ከስስነቱ ይልቅ እኔ የማየው እኩልነቱን ነው። አንዱ ጎን ስስ፣ ሌላው ወፍራም ከሆነ ስሱ እያረረ ወፍራሙ ጥሬ ነው። እኔ የልጆች ማስመሪያ ሁለቱን ከሊጡ ግራና ቀኝ አስቀምጬ መዳመጫውን በእነሱ ላይ አንከባልለዋለሁ። መዳመጫው ከማስመሪያው በታች ሊወርድ ስለማይችል ሁሉም እኩል ይወጣል። ሞክሪው፣ ብዙ ድካም ያቀልልሻል። የተዳመጠውን በቀጥታ ትሪው ላይ አንጥፊው።

ስለ መነፋቱ ደግሞ። ሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ ካጣ ላዩንና ታቹን ገፍቶ ይለያየዋል። መድኃኒቱ ሹካ ነው። ጫፉ ትሪውን እስኪነካ ድረስ፣ በየጣቱ ስፋት ውጊው። ከላይ ነካ ነካ ማድረግ አይበቃም። የፋብሪካ ክራከር ላይ በተራ በተራ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች አይተሻል አይደል? ሥራቸው ይህ ነው። ከዚያ ጥሬውን ቁረጪው፤ ከተጋገረ በኋላ ቢላዋ ሲነካው ይሰባበራል። ለአይብ የሚሆነውን 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ለማጥቀሻ የሚሆነውን የሁለት ጣት ስፋት አድርገሽ ረዘም አድርጊው። ሰው እጁን አዚፋ ውስጥ ሳይነክር መጥቀስ አለበት።

ኦቭኑን 200 ዲግሪ ቀድመሽ አሙቂ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፣ መሃል ላይ ትሪውን አዙሪ። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን አውጪው። ሁሉም ትሪ ካለቀ በኋላ ኦቭኑን ወደ 120 ዲግሪ አውርጂ። በሩን ከፍተሽ ሙቀቱ እስኪወርድ ጠብቂ። ያን ጊዜ ክራከሩን ሁሉ፣ ተደራርቦም ቢሆን፣ መልሰሽ አስገቢና 20 ደቂቃ አቆዪው። አጥፊና በሩን ገርበብ አድርገሽ እዚያው ይቀዝቅዝ። በዚህ ሙቀት ቀለሙ ብዙ አይለወጥም፣ ውኃው ግን ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ አንዱን ወፈር ያለውን መርጠሽ መሃል ለመሃል ስበሪው። ድምፅ ሰጥቶ ከተሰበረ ደርሷል። ጎበጥ ካለ 10 ደቂቃ ጨምሪለት። ትኩሱን አትፈትኚው፣ ትኩስ ክራከር መልስ አይሰጥም።

ማድረቁ ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጪ። በሩን ዝጊው፣ ኦቭኑ በያዘው ሙቀት ብዙውን ይጨርስልሻል። ገና ሲጋገር ከሄደ ግን አውጥተሽ ከሰል ላይ፣ በብረት ምጣድ፣ እያገላበጥሽ በቀስታ ጨርሺው። ትንሽ ነጠብጣብ ያወጣል እንጂ አይበላሽም።

ማስቀመጫው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል። ክዳኑ ይገጥማል። ለብ ያለውን አትክተቺ፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ከዳቦ ጋርም አንድ ዕቃ ውስጥ አታሳድሪው፣ የዳቦውን እርጥበት ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ አድርገሽም ዓርብ ትንሽ ከለሰለሰ፣ በ150 ዲግሪ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ መልሰሽ አሙቂውና አብርጂው፤ እንደ አዲስ ይሆናል።

አሁን ስለ ጣዕሙ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ለአይብ የሚቀርብ ክራከር ዝም ማለት አለበት። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉንም ሊጡ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ብቻውን ከሻይ ጋር ሲበላ ጥሩ ነው። ጎውዳ ላዩ ላይ ስታደርጊ ግን ጎውዳውን ማን ያገኘዋል? ለዚያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት አይብ በሚጥሚጣ መሸፈን የለበትም። ግማሹን ሊጥ ባዶውን ተዪው። ግማሹ ላይ ጥቁር አዝሙድና ሰሊጥ በትኚና መዳመጫውን አንዴ አሳልፊበት፣ እንዳይራገፍ። ነጭ አዝሙድ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ሽታው ሁሉን ይውጣል። የጥብስ ቅጠል ከወደድሽ ደቆ የተከተፈ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከፕሮቮሎኔ ጋር ይስማማል።

የቤት አይቡን ሳልነግርሽ እንዳልተወው። ከገበያ እንደመጣ ክራከር ላይ ብታደርጊው ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ያርሰዋል። ሐሙስ ማታ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቋጥረሽ አንጠልጥይው፣ ሥሩ ሳህን አድርጊ። ጠዋት የተጠራቀመውን ውኃ ስታዪ ትገረሚያለሽ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ደረቅ ደረቅ ይላል። ስለዚህ ለማይጾሙት ትንሽ ለጋ ቅቤ፣ ጨውና ኮሰረት ጨምረሽ ምቺው፤ ክራከር ላይ የሚቀባ ይሆናል። ማንኪያውን ለየብቻ አድርጊ። የጾሙን ማጥቀሻ የነካ ማንኪያ አይብ ውስጥ እንዳይገባ፣ የአይቡም ወደዚያ እንዳይሄድ። ብትችዪ ሁለት ትሪ ቢሆን ይመረጣል፣ ክራከሩ መሃል ላይ።

ከክራከሩ በላይ ምንም ነገር ቀድመሽ አትደርድሪ። እንግዳው ራሱ ይቀባ። ቀድሞ የተደረደረ፣ ንግግሩ ሳያልቅ ይለሰልሳል።


አዳማ ወጥ ቤት (አዳማ)

እትዬ ያሉት ማድረቅ ላይ ሁሉም ልክ ነው። እኔ አዳማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይቅር ይለናል፤ ቢሆንም ሁለተኛውን እሳት አንዘልም።

ስዊድን የሚኖረው ወንድሜ የነገረኝን ልጨምር። እነሱ ራይ ከሚባል እህል የሚሠሩት ክብ ደረቅ ቂጣ አላቸው፣ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ድሮ በቀዳዳው እንጨት እያሳለፉ ጣሪያ ሥር ይሰቅሉት ነበር። ደርቆ ወራት ይቆይ ነበር። ከአይብ ጋር ዛሬም እሱን ነው የሚበሉት።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእትዬ እለያለሁ። ባዶ ክራከር ዝም ይበል ያሉትን እቀበላለሁ፣ ዝምታው ግን ባዶ ጣዕም መሆን የለበትም። እርሾ ያለው ሊጥ ይሻላል እላለሁ። አሜሪካኖች ሳልቲን የሚሉት ክራከር ሊጡ በእርሾ ለረጅም ሰዓት ከቦካ በኋላ ጎምዛዛነቱ በሶዳ ይበርዳል። ያ መቡካት የሚሰጠውን ጣዕም ዘይትና ጨው ብቻውን አይሰጥም። እህቴ፣ ረቡዕ ማታ ከዱቄቱ ሲሶውን በውኃና በቁንጥር እርሾ ለውሰሽ አሳድሪ። ሐሙስ ማታ የቀረውን ዱቄት፣ ዘይቱን፣ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምረሽ ቀጥዪ። የጾም ነው፣ ምንም አይነካውም። ውኃውን ግን እትዬ ካሉት አታሳልፊ።

ፓስታ ማሽን ያለው ጎረቤት ካለሽ ደግሞ ተዋሺ። እኔ ማስመሪያውን አላውቀውም ነበር፣ ነገ እሞክረዋለሁ። የዱቄቱን ሲሶ በገብስ ዱቄት ብትተኪም ከአይብ ጋር በጣም ያምራል። ከሲሶ ካለፈ ግን ሲዳመጥ ይቀደዳል፣ ገብስ እንደ ስንዴ አይያያዝም።


የእንሰት ጥላ (ሀዋሳ)

በሲዳማ ምድር ላይ ሆናችሁ አይብ በምን ይበላ ብላችሁ ስትጨነቁ ቆጮ እንዴት ተረሳ? እኔ ቆጮውን ደህና አድርጌ ጨምቄ፣ በጣም በስሱ ጠፍጥፌ፣ በቀስታ እሳት ምጣድ ላይ እስኪደርቅ እገለብጠዋለሁ። ጠርዙ ይንኮሻኮሻል። ቆራርሰሽ ከአይቡና ከዳጣ ጎን አድርጊው። የእህትሽ አስተማሪዎች ከሌላ አገር የመጡ ካሉም ሀዋሳ መሆናቸውን በዚህ ያውቃሉ። በዚያው ቀን መበላት አለበት፣ አያድርም። ዓርብ ቤት የሚውል ሰው ካለ ይጋግርልሽ።


የሐይቅ ዳር ልጅ (ሀዋሳ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እትዬ፣ ትናንት ማታ እንዳሉኝ በትንሹ ጋግሬ አድርቄ ቆርቆሮ ውስጥ አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ሰበርኩት፣ ድምፁ እናቴን ከጓዳ አስወጣት። አንድም የተነፋ የለም። ማስመሪያዎቹን ከታናሽ ወንድሜ ቦርሳ ነው ያወጣሁት። የእርሾውን ረቡዕ እሞክራለሁ፤ ቆጮውን እናቴ «እኔ አለሁ» ብላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከእህቴ ጓደኞች አንዷ ስንዴ ያማታል፣ ሐኪም ከልክሏታል። ገብስም አትበላም። እሷን ትሪው አጠገብ ባዶ እጇን ማስቀመጥ አልፈልግም። በጤፍ ይሆናል?


ከታቦር ሥር (ሀዋሳ)

ጎሽ የኔ ልጅ! ድምፁን እዚህ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ።

የአዳማው ልጅ ስለ እርሾው ያለው ጥሩ ነው። እኔ የተውኩት ለሽያጭ ስሠራ ጊዜው ስለማይበቃኝ ነው። አንቺ ጊዜ ካለሽ አድርጊው።

በጤፍ ይሆናል፣ ግን መያዣ ይፈልጋል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ብቻውን ስትዳምጪው ይሰነጣጠቃል። መያዣው ተልባ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ላይ አንድ ስኒ የፈላ ውኃ አፍስሺና 10 ደቂቃ ተዪው፣ ይወፍራል። ሁለት ስኒ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርገሽ በእሱ ለውሺው። ከደረቀብሽ ሙቅ ውኃ በማንኪያ ጨምሪ። በሁለት ፌስታል መሃል አድርገሽ ዳምጪው፣ አለበለዚያ መዳመጫው ላይ ይቀራል። የላዩን ፌስታል አንሺና ሊጡን ትሪው ላይ ገልብጪው። በሹካ መውጋቱ፣ ጥሬውን መቁረጡ፣ ሁለት ጊዜ እሳት ማሳየቱ ያው ነው። ብቻ በ180 ዲግሪ ጋግሪው፤ ጤፍ ጠቆር ስለሚል መቅላቱ አይታይሽም፣ ሳይታወቅ ያርርብሻል። ነጭ ጤፍ ካገኘሽ ለዓይንም ለመቆጣጠርም ይቀላል።

ስንዴ የሚያማት ሰው ስለሆነች ግን ዱቄቱ ላይ ተጠንቀቂ። ወፍጮ ቤት ጤፉን ያስፈጨሽው ከሰው ስንዴ ቀጥሎ ከሆነ ስንዴው ተቀላቅሎበታል። ሰው በሐኪም ሲከለከል ትንሹም ይጎዳዋል። ወፍጮ ቤቱ ለጤፍ ብቻ የለየው ወፍጮ እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው ትንሽ ጤፍ ለቅመሽ ቤት በቡና መፍጫ ፍጪው፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ብዙ አይደለም። መፍጫውን ግን ስንዴ ወይም ገብስ ነክቶት ከሆነ ተዪው። የእሷን ክራከር ሐሙስ ማታ ስንዴው ሳይነሳ በፊት ጋግሪና በራሱ ቆርቆሮ ክደኚው። ዓርብም ትሪው ላይ አታቅርቢው፤ በትንሽ ሳህን፣ ከአቮካዶውና ከአዚፋው ቀድመሽ ቀንሰሽላት፣ ለብቻዋ ስጫት። ክራከር የተነከረበት ማጥቀሻ ውስጥ የስንዴ ፍርፋሪ አይጠፋም።